በቆላ መንገድ ከውሻ ጋር

እንደ ልማዳችን ፊደል የለየ ላልለየው ጎረቤቱ ጮክ ብሎ ያንብብለት።

የዛሬው ንግግራችን ከውሻ ጋር ስለ መጓዝና በዱር ስለ ማደር ነው። «ስለ ውሻ ደግሞ ምን ትምህርት አለው?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ ውሻ ሥራ አለው። ከብት ነድቶ ለግጦሽ ርቆ የሚሄደው እረኛ፣ ዕጣን ሊለቅም ጫካ የሚከርመው ሠራተኛ፣ ማር ቆራጩ፣ የሰሊጥ እርሻ ጠባቂው፣ ሁሉም ሌሊቱን የሚያምነው በውሻው ጆሮ ነው። ከደጋው ለአረምና ለአጨዳ ከሚወርደው የወቅት ሠራተኛ መካከልም ውሻውን አስከትሎ የሚመጣ አለ።

እንግዲህ የንግግራችን ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ውሻ ሰውን የሚጠብቀው ሰው ውሻውን ሲጠብቀው ነው። አባቶች «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ። ጅብ ቢመጣ ይነግራችኋል። ሌባ ቢመጣም ይነግራችኋል። ሁለት ጠላቶች ግን ለእርሱም አይታዩትም። አንደኛው በራሱ ምራቅ ውስጥ ሊገባ የሚችለው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ሁለተኛው ካላዛርን የምታስተላልፈው፣ ድምፅ ሳታሰማ የምትነክሰው የአሸዋ ዝንብ ናት። ለእነዚህ ለሁለቱ ዘበኛው ውሻው ሳይሆን እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ከመነሳት ጀምረን እስከ መመለስ ድረስ ነገሩን በየተራ እንየው።

አንደኛ፦ ከመነሳት በፊት

ጉዞ የሚጀምረው ከቤት ነው። ከሁሉ በፊት ውሻችሁ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ይከተብ። ክትባቱን የሚሰጠው የእንስሳት ሕክምና ጣቢያ ነው። አንዴ ተከትቧል ብሎ መተው አይገባም፤ ባለሙያው በሚወስነው ጊዜ፣ እንደ ተለመደው በየዓመቱ፣ መደገም አለበት። ቡችላም ቢሆን በሽታው ይይዘዋል። «ገና ቡችላ ነው፣ ምን ያደርጋል?» ማለት አያዋጣም።

ክትባቱ ሲሰጥ ወረቀት ትቀበላላችሁ። ፊደል መለየት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን አንብቡ። ከጠፋባችሁ በደብተር ጻፉት፤ የውሻው ስም፣ የተከተበበት ቀን፣ የሚደገምበት ቀን። እነዚህ ሦስት መስመሮች አንድ ቀን የሰው ነፍስ ሊያድኑ ይችላሉ። እንዴት እንደ ሆነ ወደ ኋላ ላይ ታዩታላችሁ።

ከዚያም ጓዛችሁን ስትሸክፉ የውሻውንም ስንቅ አትርሱ። ጠንካራ ገመድና የአንገት ማሰሪያ፣ የራሱ የውሃ መጠጫ ጣሳ፣ ለቁስል መጠቅለያ ንጹሕ ጨርቅ፣ እሾህ መንቀያ ወረንጦና ሳሙና ያዙ። ሳሙናውን አደራ! ለልብስ ማጠቢያ ብቻ አይደለም።

መንገዱንም ጠይቁ። መተማ የድንበር አገር ነው፤ ማዶው ገላባት፣ ሱዳን ነው። የአካባቢው ፀጥታ በየጊዜው ይለዋወጣልና መንገዱ ሰላም መሆኑን ከአገሬው ሰው ሳትሰሙ አትነሱ። የትኛው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል በእብድ ውሻ ለተነከሰ ሰው ክትባት እንዳለው ቀድማችሁ ጠይቁ። ከተነከሱ በኋላ መጠየቅ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ይሆናል።

ሁለተኛ፦ በመንገድ ላይ

ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። መተማ ዮሐንስ ደግሞ ከ800 ሜትር በታች ነው። ከአዘዞ በአይከል አድርጎ ወደ ገንዳ ውሃና ወደ ኮኪት የሚወርደው ሰው በአንድ ቀን የመኪና መንገድ ከአንድ አየር ወደ ሌላ አየር ይገባል። በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። የደጋ ውሻ ይህን አያውቀውም። የቆላው ውሻም ቢሆን ልክ አለው።

ሰው ሲሞቀው መላ ሰውነቱ ያልበዋል፤ ላቡም ሲደርቅ ያቀዘቅዘዋል። ውሻ ግን እንዲህ አይደለም። ላብ የሚወጣው ከመዳፉ ሥር ጥቂት ብቻ ነው። ሙቀቱን የሚያወጣው ምላሱን ጎልጉሎ በማለክለክ ነው። አየሩ ራሱ እንደ ምድጃ ሲሆን ማለክለኩ አይበቃውም። የጤነኛ ውሻ ሙቀት 38 እና 39 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ41 ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው።

ስለዚህ ንጋት ላይ ተነሱ፤ ፀሐይ ስትበረታ አረፍ በሉ፤ ሲመሽ ሲመሽ ቀጥሉ። መሬቱ መጋሉን ለማወቅ የእጃችሁን ጀርባ መሬት ላይ አድርጋችሁ ጥቂት ቆዩ። ለእጃችሁ ካቃጠለ ለውሻውም መዳፍ ያቃጥላል። ከደጋ የመጣ ውሻ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ረጅም መንገድ አታስኪዱት፤ ቀስ በቀስ አየሩን ይልመድ።

ሙቀት የመታውን ውሻ በምን ታውቁታላችሁ? ያለ ማቋረጥ በኃይል ያለከልካል፤ ምራቁ ይወፍራል፤ ድዱ ይቀላል፤ ይንገዳገዳል፤ ያስመልሰዋል፤ በመጨረሻም ይወድቃል። ይህን ስታዩ ወዲያው ጥላ ሥር አስገቡት። ሆዱን፣ ብብቱንና መዳፉን በውሃ አርጥቡ፤ በነጠላ ወይም በቅጠል አራግቡለት። ራሱ መጠጣት ከቻለ ጥቂት በጥቂት አጠጡት። ራሱን ከሳተ ግን ውሃ በግድ በአፉ አታንቆርቁሩ፤ ወደ ሳንባው ገብቶ ይገድለዋል።

በክረምት ሌላ አደጋ አለ። ሱዳን ገብቶ አትባራ የሚባለው የጓንግ ወንዝ፣ የሽንፋ ወንዝና የአይማ ወንዝ በሐምሌና በነሐሴ ይሞላሉ። ወንዝ ስትሻገሩ የውሻውን ገመድ በእጃችሁ አንጓ ወይም በወገባችሁ ላይ አትሰሩት። ውሃ ውሻውን ቢወስደው እናንተንም ይዞ ይሄዳል። ደግሞም ውሻ ዋኝቶ ተሻገረ ማለት ሰው ይሻገራል ማለት አይደለም። ጎርፉ እስኪጎድል መጠበቅ ይሻላል።

ሦስተኛ፦ ውሃና ምግብ

ውሻውን ከራሱ ጣሳ አጠጡት። ሰው ከሚጠጣበት ጀሪካን አፉን አያስገባ። የኩሬና የወንዝ ውሃ ለሰው ተፈልቶ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ ታክሞ ይጠጣ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ልብ በሉ። በእርሻ አካባቢ የአረምና የተባይ መድኃኒት የነበረበት ባዶ ዕቃ ይገኛል። ታጠበም አልታጠበም ለሰውም ሆነ ለውሻ ውሃ መያዣ አይሆንም። በዕቃው ላይ የራስ ቅልና የተሻገሩ አጥንቶች ሥዕል ካያችሁ መርዝ ማለት ነው። ሥዕሉ ቢፋቅ እንኳ ጽሑፉን አንብቡ፤ ማንበብ የማይችል ጓዳችሁንም አስጠንቅቁት። አዲስ መድኃኒት በተረጨበት ማሳ ውስጥ ውሻ አይለቀቅ። መርዙ በጠጉሩና በመዳፉ ላይ ይቀራል፤ ኋላም ሲልሰው ወደ ሆዱ ይገባል።

ስለ ምግቡ ደግሞ፣ ውሻን ማስራብ ለጌታው አይበጅም። የተራበ ውሻ ሌሊት ጥሎ ይሄዳል፤ ጥንብ ይበላል፤ የሰው ዕቃ ይሰርቃል። ከምትበሉት የማሽላ ቂጣ ወይም ገንፎ ድርሻውን ስጡት። ከብት ወይም ፍየል ስታርዱ ጥሬ ጉበትና ሳንባ አትወርውሩለት። በተለይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚመስል እብጠት ያለበትን ሥጋ ፈጽሞ አይብላ። በዚያ ከረጢት ውስጥ የትል ዘር አለ። ውሻው ሲበላው ትሉ በአንጀቱ ይራባል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ከዚያም በእጅ፣ በውሃና በምግብ ወደ ሰው ገብቶ በጉበትና በሳንባ ላይ እንደዚያው ያለ እብጠት ያበቅላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ብልት በጥልቅ ተቆፍሮ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ውሻ ከነካችሁ በኋላም ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ።

በድንገት የሞተ ከብት ብታዩ አትጠጉት፤ ውሻውንም አታስጠጉት። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ቆዳውን ልግፈፍ፣ ሥጋውን ለውሻ ልስጥ ማለት በሽታውን ወደ ራስ መጥራት ነው።

አራተኛ፦ የማደሪያ ቦታ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እየደረስን ነው። ቆላ ወርዶ የማደሪያ ቦታ የሚመርጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ጥላውን ነው። ደህና ግራር አገኘ ማለት ነው፤ ጓዙን ያወርዳል፣ ውሻውን ከጎኑ ያስተኛል፣ ራሱም ጋደም ይላል። ታዲያ ይህ ቦታ ለምን እንደማይመረጥ እንመልከት።

የመተማና የሁመራ ምድር ብዙው ጥቁር መረሬ አፈር ነው። ዝናብ ሲያቆም አፈሩ ይደርቃል፤ ሲደርቅም እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በዚህ ስንጥቅ ውስጥ፣ በተለይ ግራርና በደኖ በበቀሉበት አካባቢ፣ የአሸዋ ዝንብ ትኖራለች። ከወባ ትንኝ በጣም ታንሳለች፤ ርዝመቷ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ድምፅ የላትም። የምትወጣውም በአብዛኛው ሲመሽና ሌሊት ነው። ካላዛር የሚባለውን በሽታ ከሰው ወደ ሰው የምታደርሰው እርሷ ናት።

ካላዛር የያዘው ሰው ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ አልለቅ ይለዋል፤ ይከሳል፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ደሙ ያንሳል። ካልታከመ ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሕክምና ካላገኙት ሕሙማን ከ100 ውስጥ ከ95 በላይ የሚሆኑት ይሞታሉ። ከታከመ ግን ይድናል።

ይህ በሽታ ውሻ ካለው ሰው ጋር ምን ያገናኘዋል? በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ የሆነውን እንንገራችሁ። ያ ወረዳ ከቆላው ወጣ ያለ ደገኛ አገር ነው፤ ካላዛር አያውቀውም ነበር። ሰው በትኩሳት ይሞት ጀመር። በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተባለ። በ1997 ዓ.ም. ግን ካላዛር መሆኑ ታወቀ። ወደ ቆላው ለሥራ ወርደው በተመለሱ ሰዎች ሳይመጣ እንዳልቀረም ተገመተ። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች 171 በሽተኞችን ከ171 ጤነኞች ጋር እያነጻጸሩ መረመሩ። ውጤቱም በ2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2009) ታተመ። ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡት ሦስት ዓይነት ሰዎች ሆነው ተገኙ። ቀን ከግራር ሥር የሚተኙ፣ ሌሊት ደጅ ማደር ልማድ ያደረጉ፣ ውሻ ያላቸው። በጥቂት ውሾችም አካል ውስጥ የበሽታው ተሕዋስያን ምልክት ተገኘ።

ይህን ሰምቶ ውሻውን ልግደል የሚል እንዳይኖር! ጥናቱ ውሻ በሽታውን ለሰው ያስተላልፋል ብሎ አልፈረደም፤ የውሻ ድርሻ ተጨማሪ ምርምር ይሻል ነው ያለው። እኛ የምንወስደው ትምህርት ግን ግልጽ ነው። ውሻውን ከመኝታችሁ አርቁ። ግራር ሥርና በተሰነጣጠቀ መረሬ ላይ ቀንም ሆነ ሌሊት አትተኙ። ከቻላችሁ ከፍ ባለ፣ ነፋስ በሚያገኘው፣ ስንጥቅ በሌለው ደረቅ መሬት ላይ ስፈሩ። የአሸዋ ዝንብ ደካማ በራሪ ስለ ሆነች ነፋስ አትወድም። አልጋ ወይም ቆጥ ሠርታችሁ ከመሬት ከፍ ብላችሁ ተኙ፤ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ዘርጉ። አጎበሩ ለወባም ያገለግላል። ብቻ አጎበር አለኝ ብላችሁ ቀን ላይ ግራር ሥር አትጋደሙ። አጎበሩ የተሰቀለው ለሌሊት ነው፤ የቀኑን እንቅልፍ አይጠብቅም።

ከቆላ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት አልለቅ ቢላችሁ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ «መተማ ነበርኩ፣ ደጅ አድር ነበር» በሉት። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ምርመራውን በትክክለኛው መንገድ ልታስጀምር ትችላለች። ካላዛር በመተማ ሆስፒታልና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሲታከም ቆይቷል። በአብደራፊም የድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት የካላዛርና የእባብ ሕሙማንን ለብዙ ዓመታት አክሟል።

አምስተኛ፦ ሌሊቱ

ሌሊት ውሻ አይፈታ። «ካልተፈታ እንዴት ይጠብቀኛል?» ትሉ ይሆናል። ውሻ የሚጠብቀው በጆሮውና በአፍንጫው ነው፤ ታስሮም ይሰማል፣ ይጮኻል። የተፈታ ውሻ ግን ድምፅ ተከትሎ ጫካ ይገባል። ጅብና ነብር ውሻ ይበላሉ። ሸሽቶ ቢያመልጥ እንኳ የሚሮጠው ወደ ጌታው ነውና አውሬውን አስከትሎ ወደ መኝታችሁ ያመጣዋል። ከዚህም ሌላ የተፈታ ውሻ ከማይታወቅ ውሻ ጋር ይናከሳል። ስለዚህ ከመኝታችሁ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ከእሳቱ ብርሃን ሳይወጣ፣ ሊተኛና ሊዞር በሚያስችለው ገመድ እሰሩት።

ሲጮኽ ደግሞ «ዝም በል!» ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ባትሪ አብሩና እዩ። ዓይኑ ወዴት ነው? ጆሮው ወዴት ቆመ? አንድ ቦታ መሬት መሬት እያየ ወደ ኋላ እያፈገፈገ የሚጮኽ ከሆነ እባብ ሊሆን ይችላል። እጃችሁን ወደዚያ አትስደዱ። ጫማችሁን ሳታራግፉ አታጥልቁ፤ ባዶ እግራችሁን በጨለማ አትውጡ።

እባብ የነደፈው ሰው ቢኖር የተነደፈውን እጅ ወይም እግር እንዳያንቀሳቅስ አድርጋችሁ፣ በእንጨት ደግፋችሁ፣ ተሸክማችሁ ወደ ሕክምና አድርሱት። ቀለበቱንና አምባሩን አውልቁለት፤ ሲያብጥ ይጨመድደዋልና። በምላጭ አትብጡት፣ በአፍ አትምጠጡት፣ በገመድ አጥብቃችሁ አትሰሩት። እባቡን እናምጣ ብላችሁም ጊዜ አታባክኑ። ውሻ ቢነደፍም እንዲሁ ነው፤ ተሸከሙት እንጂ አታስሩጡት። የታመመ ውሻ ባለቤቱንም ይነክሳልና አፉን በጨርቅ ጠምጥሙት። የሚያስመልሰው ወይም መተንፈስ የቸገረው ከሆነ ግን አትጠምጥሙት።

እሳቱንም አደራ። በበጋ የመተማ ሣር እንደ ጭድ ነው። ዙሪያውን እስከ አፈሩ ጠርጋችሁ አንድዱ፤ ስትነሱ በውሃና በአፈር አጥፉ። የዕጣኑ ዛፍ ከሚጠፋባቸው ምክንያቶች አንዱ የሰደድ እሳት ነው።

ስድስተኛ፦ ውሻ ቢነክስ

እንበልና ማታ ላይ አንድ የማይታወቅ ውሻ ወደ ሰፈራችሁ መጣ። ከውሻችሁ ጋር ተናከሰ። እናንተም ልትገላግሉ ገብታችሁ እጃችሁ ላይ ትንሽ ጫር አደረጋችሁ። ደሙም ብዙ አይደለም። ምን ታደርጋላችሁ? ብዙ ሰው «ትንሽ ናት» ብሎ ይተኛል። በዚህ የተነሳ የሞተ ብዙ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በምራቅ ነው። በንክሻ፣ በጥርስ ጭረት፣ ወይም ቁስል ሲላስ ይገባል። ከገባ በኋላ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ይህ ጉዞ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይፈጃል፤ ከዚያ ሊያጥርም ሊረዝምም ይችላል። ሰውየው በዚህ ጊዜ ሁሉ ጤነኛ ነው፤ ያጭዳል፣ ይበላል፣ ይስቃል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን፣ ውሃ ካስፈራውና መዋጥ ከተሳነው በኋላ፣ ከሞት የሚያተርፈው መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሰውን ማዳን የሚቻለው ጤነኛ መስሎ በሚታይባቸው ቀኖች ውስጥ ነው። ይህን በልባችሁ ጻፉ።

መጀመሪያ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ለዚህ ነው ሳሙናውን አደራ ያልናችሁ። አሥራ አምስት ደቂቃ ረጅም ነው፤ አንዱ ያፍስስ፣ አንዱ ይጠብ። በርበሬ፣ አመድ፣ ቅቤ ወይም ቅጠል አታድርጉበት።

ቀጥሎ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። ሐኪሙ ክትባት ያዛል፤ ቁስሉ ከባድ ከሆነ ሌላም የሚጨመር መርፌ አለ። ዘመናዊው ክትባት በክንድ ላይ በጥቂት ቀጠሮዎች የሚሰጥ ነው፤ ሆድ ላይ የሚወጋው የድሮው ብዙ መርፌ አያስፈራችሁ። ብቻ ቀጠሮ አይዘለል። «አጨዳው እስኪያልቅ» አይባልም። ሰሊጥ ቢረግፍ ለከርሞ ይዘራል። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ መርፌውን ግን አይተው። ሁለቱ አይጣሉም።

ክትባቱ የሰውን ነፍስ ማዳን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር፣ ዮሴፍ ማይስተር የተባለ በእብድ ውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ወላጅ እናቱ ስታመጣለት ክትባቱን ሰጠው፤ ልጁም ተረፈ። በአዲስ አበባ ጉለሌ «ፓስተር» የሚባለው ስም የመጣው ከዚሁ ሰው ነው።

የነከሰው ውሻ የሚታወቅ ከሆነ አትግደሉት፤ አስራችሁ 10 ቀን ተመልከቱት። በ10 ቀን ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ሕክምናውን ለመጀመር 10 ቀን አትጠብቁ። የክትባት ወረቀቱንም ለሐኪሙ አሳዩ። ያቺ ቀኗን የጻፋችሁባት ሦስት መስመር የምትጠቅመው ለዚህ ነው።

ውሻችሁ ተነክሶ ከሆነ ቁስሉን ስትነኩ እጃችሁን በላስቲክ ሸፍኑ፤ ቀድሞ የተከተበ ቢሆንም ወደ እንስሳት ሐኪም ወስዳችሁ በፍጥነት ክትባቱ ይደገምለት። ጠባዩን የለወጠ፣ ያለ ምክንያት የሚናከስ፣ ድምፁ የሻከረ፣ አገጩ የወደቀና ምራቁ የሚዝረበረብ ውሻ ብታዩ አትጠጉት። ሁሉም እብድ ውሻ አይሮጥም። ጥግ ይዞ ዝም የሚልም አለ፤ «አሞት ነው፣ ልርዳው» ብሎ አፉን የሚከፍት ሰው ይሞታል።

ሰባተኛ፦ የዱር አራዊት አገር

በቋራ የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ከሱዳኑ የዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) ተመራማሪዎች አንበሶች በዚያ መኖራቸውን በፎቶግራፍ አረጋግጠዋል። ወደዚህ ዓይነት ቦታ ውሻ አይገባም። አንበሳው ውሻውን ይበላዋል ብለን ብቻ አይደለም፤ ውሻውም አንበሳውን ሊገድለው ይችላል!

እንዴት ቢሉ፣ በታንዛኒያ በሰረንጌቲ እ.ኤ.አ. በ1994 ከመንደር ውሾች የተነሳ በሽታ ከአንበሶቹ ሲሶውን ያህል ጨረሰ። በእኛም አገር በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ እየተላለፈ ደጋግሞ ፈጅቷታል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የለችም፤ በሰሜን ተራሮችም ጥቂት አሉን። ውሻችሁን ማስከተብ እንግዲህ ለአገር ሀብትም ዘብ መቆም ነው።

ስምንተኛ፦ ሲመለሱ

ሥራው አልቆ ስትመለሱ ውሻውን በቆላ ጥላችሁ አትምጡ። የተጣለ ውሻ ይራባል፣ ከሌሎች ጋር ይነጎዳል፣ የማንም ያልተከተበ ውሻ ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ማታ ወደ ሰፈራችሁ የሚመጣው ያ የማይታወቅ ውሻ እርሱ ሊሆን ይችላል። ቤት ስትደርሱ ጆሮውን፣ ብብቱንና የጣቶቹን መካከል ፈትሹ፤ መዥገሩን በወረንጦ ከሥሩ ይዛችሁ ንቀሉ። እሾህ ካለው አውጡለት፤ ቁስሉን እጠቡለት።

የተከበራችሁ አድማጮችና አንባቢዎች! ከዛሬው ንግግር ሁሉም ቢረሳ አራት ነገር አይረሳ። ውሻችሁን አስከትቡ። ግራር ሥር አትተኙ። የተነከሰ ሰው 15 ደቂቃ ይታጠብ። በዚያው ቀንም ሐኪም ዘንድ ይድረስ።

የመወያያ ጥያቄዎች፦

1. ከሰፈራችሁ ውሾች ስንቶቹ ተከትበዋል? ያልተከተቡት የማን የማን ናቸው?
2. በአካባቢያችሁ በውሻ ለተነከሰ ሰው ክትባት የሚገኘው የት ነው? መንገዱ ስንት ሰዓት ይፈጃል?
3. ካላዛርና ወባ በትኩሳት ይመሳሰላሉ። ከቆላ የተመለሰ ሰው ለሐኪሙ ምን ብሎ መናገር አለበት?
4. የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር በደብተራችሁ ሦስት ጊዜ ጻፉ፦ «ውሻ ሰውን የሚጠብቀው ሰው ውሻውን ሲጠብቀው ነው።»